ፋክተሩና ግራፉ አንድ ናቸው
ለዘጠነኛና ለአስረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለሒሳብ መምህራን የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጠዋታችሁን ለሒሳብ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ተመልከቱ።

ኤክስ² − 5ኤክስ + 6 = 0

ይህን አብዛኞቻችሁ ትፈቱታላችሁ። ሲባዙ 6፣ ሲደመሩ 5 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ ተብላችኋል። 2 እና 3 ናቸው። ስለዚህ (ኤክስ − 2)(ኤክስ − 3) = 0 ይሆናል። መልሱ 2 ወይም 3 ነው። አለቀ።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ምዕራፍ ይመጣል። ግራፍ ሳሉ ትባላላችሁ። ሠንጠረዥ ታዘጋጃላችሁ፣ ነጥብ ትተክላላችሁ፣ ነጥቦቹን በመስመር ታያይዛላችሁ። እሱም ይፈተንና ያልፋል። ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይኸው፣ አንድ ነገር ናቸው» የሚላችሁ ሰው ሳይገኝ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ዛሬ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ፋክተር ስታደርጉ፣ ማለትም በቅንፎች ብዜት ስትጽፉት፣ የምትጠይቁት ጥያቄ «ግራፉ ኤክስ አክሲስን፣ ማለትም አግድሙን መስመር፣ የት ይነካል?» የሚል ነው። ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ልጅ ሐሳቡን ትቶ አሠራሩን ይሸመድዳል። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን በአማርኛ እናወራዋለን። ስሞቹን እንደለመዳችኋቸው «ፋክተር»፣ «ግራፍ»፣ «ቨርቴክስ» እያልን እንቀጥላለን። ሐሳቡ ግን በቤታችን ቋንቋ ይግባን።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። ለምንድን ነው በቀኝ በኩል ሁልጊዜ ዜሮ የምንፈልገው? ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። እስቲ (ኤክስ − 2)(ኤክስ − 3) = 12 የሚል ጥያቄ እንስጥ። ደብተር ላይ ደጋግሜ የማየው መልስ ይህ ነው፤ ኤክስ − 2 = 12፣ ስለዚህ 14። ኤክስ − 3 = 12፣ ስለዚህ 15። አሁን 14ን መልሰን እናስገባው። 12 ሲባዛ በ11 ማለት ነው፤ 132። ከ12 ጋር ምንም አይገናኝም።

ችግሩ ምንድን ነው? ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 12 ሆኑ ማለት ስለ እያንዳንዳቸው ብዙ አይነግረንም። 3 እና 4 ሊሆኑ ይችላሉ። 2 እና 6 ሊሆኑ ይችላሉ። 24 እና ግማሽም ይሆናሉ። ማለቂያ የለውም። ተባዝተው ዜሮ ሆኑ ከተባልን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሁለቱ አንዱ የግድ ዜሮ ነው። ይህ ባሕርይ ያለው ዜሮ ብቻ ነው። ፋክተር የማድረግ ዘዴ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ 12ን ወደ ግራ እናመጣዋለን፤ ኤክስ² − 5ኤክስ − 6 = 0 ይሆናል። እሱ ደግሞ (ኤክስ − 6)(ኤክስ + 1) ነው። መልሱ 6 እና ኔጌቲቭ 1።

አሁን ወደ መጀመሪያው እንመለስና ዋይ = ኤክስ² − 5ኤክስ + 6 ብለን ሠንጠረዥ እንሥራ። ኤክስ 0 ሲሆን ዋይ 6። በ1፣ 2። በ2፣ 0። በ3፣ 0። በ4፣ 2። በ5፣ 6። ቁጥሮቹን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። 6፣ 2፣ 0፣ 0፣ 2፣ 6። ከግራ ብታነቡም ከቀኝ ብታነቡም ያው ነው። ግራፉ ሁለት እኩል ጎን አለው፤ ቅርጹም እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው። የሁለቱ ጎኖች መሃል የት ነው? በ2 እና በ3 መካከል፣ 2.5 ላይ። እዚያ ላይ ዋይ ስንት ነው? 0.5 ሲባዛ በኔጌቲቭ 0.5፤ ኔጌቲቭ 0.25። ቨርቴክሱን፣ ማለትም ግራፉ ዞሮ የሚመለስበትን ነጥብ፣ አገኘን። ቀመር አልሸመደድንም። ሁለቱን ዜሮዎች አይተን መሃላቸውን ወሰድን፤ በቃ።

ሠንጠረዡ ራሱ እንኳ ሳያስፈልግ ግራፉ የት ከላይ፣ የት ከታች እንደሚሆን ከፋክተሩ ይነበባል። ኤክስ ከ2 ካነሰ ሁለቱም ቅንፎች ኔጌቲቭ ናቸው። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው፤ ግራፉ ከላይ ነው። ኤክስ በ2 እና በ3 መካከል ሲሆን አንዱ ቅንፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ነው፤ ግራፉ ከታች ነው። ከ3 ካለፈ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው፤ እንደገና ከላይ ነው። ኋላ «ኢንኢኳሊቲ» የሚባለው፣ ስለ «ይበልጣል» እና «ያንሳል» የሚያወራው ምዕራፍ ሲመጣ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ይህን የገባው ልጅ ያንን ምዕራፍ ግማሹን ጨርሶታል።

አንድ ስሕተት እዚህ ጋ ልጥቀስ፤ በጣም የተለመደ ነው። (ኤክስ − 2) ያየ ልጅ ግራፉ ላይ ኔጌቲቭ 2 ላይ ነጥብ ይተክላል። መምህሩም «ምልክቱን ገልብጥ» ይለዋል። እባካችሁ፣ መምህራን፣ እንዲህ አንበል። «ገልብጥ» የሚል ትእዛዝ ፈተና ላይ ይጠፋል። «ኤክስ ስንት ቢሆን ይህ ቅንፍ ዜሮ ይሆናል?» ብለን እንጠይቀው። ልጁ ራሱ «2» ይላል። ከዚያ በኋላ አይሳሳትም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። አራት ኳድራቲኮች፣ ማለትም ትልቁ ፓወራቸው ኤክስ² የሆነ፣ ልጻፍ። የሚለያዩት በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው።

ኤክስ² − 6ኤክስ + 5
ኤክስ² − 6ኤክስ + 8
ኤክስ² − 6ኤክስ + 9
ኤክስ² − 6ኤክስ + 10

የመጀመሪያው (ኤክስ − 1)(ኤክስ − 5) ነው። ግራፉ አክሲሱን 1 እና 5 ላይ ያቋርጣል። ሁለተኛው (ኤክስ − 2)(ኤክስ − 4) ነው። 2 እና 4 ላይ። ሦስተኛው (ኤክስ − 3)(ኤክስ − 3) ነው። 3 ላይ ብቻ። አራተኛው ፋክተር አይሆንም።

ይህን ደረቅ ዝርዝር አድርጋችሁ አትለፉት። በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። አራቱም አንድ ዓይነት ኩርባ ናቸው። የመጨረሻውን ቁጥር ስትጨምሩ ኩርባው ቅርጹን ሳይቀይር ወደ ላይ ይነሣል። ሲነሣ ሁለቱ መቋረጫ ነጥቦች ይቀራረባሉ። 1 እና 5 የነበሩት 2 እና 4 ሆኑ። ከዚያ 3 ላይ ገጠሙ። እዚያ ጋ ግራፉ አክሲሱን ነክቶ ተመለሰ እንጂ አላቋረጠም። አንድ ደረጃ ሲጨመር ጭራሽ ለቀቀው። አራተኛው ፋክተር እምቢ ያለው ለዚህ ነው። ግራፉ አየር ላይ ነው፤ አክሲሱን አይነካም።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። 1 እና 5፣ 2 እና 4፣ 3 እና 3። ሁሉም ሲደመሩ 6 ናቸው። መሃላቸውም ሁልጊዜ 3 ነው። ጥያቄው ታዲያ እንዲህ ይሆናል። ተደምረው 6 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ 10 ሊሆኑ ይችላሉ ወይ?

እንሞክር። ተደምረው 6 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ከ3 በግራና በቀኝ እኩል ይርቃሉ። ርቀቱን «ር» እንበለው። ቁጥሮቹ 3 + ር እና 3 − ር ናቸው። ሲባዙ፣

(3 + ር)(3 − ር) = 9 − ር²

ር² ከዜሮ አያንስም። ስለዚህ ብዜቱ ከ9 አይበልጥም። 10 ሊሆን አይችልም! አንድ ተማሪ እዚህ ጋ ስንደርስ «ቲቸር፣ እንግዲያው ግራፉ ያልነካው ለዚህ ነው?» አለኝ። አዎ፣ ለዚህ ነው። ቁጥሮቹን ፈልጎ ማጣትና ግራፉ ከአክሲሱ በላይ መንሳፈፉ አንድ ወሬ ነው።

ሽቦ ገዝታችሁ ጓሮ ላይ አራት ማዕዘን የጎመን መደብ ልታጥሩ ነው እንበል። ሽቦው 12 ሜትር ነው። ርዝመትና ወርዱ ተደምረው 6 ሜትር ይሆናሉ። 5 በ1 ብታደርጉት ስፋቱ 5 ካሬ ሜትር ነው። 4 በ2 ብታደርጉት 8። 3 በ3 ብታደርጉት 9። ከዚያ በላይ በዚህ ሽቦ አይገኝም። «10 ካሬ ሜትር አጥርልኝ» የሚል ሰው ቢመጣ መልሳችሁ ዝግጁ ነው። እኩልታው መፍትሔ የለውም፤ ወይ ሽቦ ይጨምር።

7 ቢሆንስ? ኤክስ² − 6ኤክስ + 7። ሲባዙ 7፣ ሲደመሩ 6 የሚሆኑ ሙሉ ቁጥሮች የሉም። ብዙ ተማሪ «ፋክተር አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን 9 − ር² = 7 ከሆነ ር² = 2 ነው። ቁጥሮቹ 3 ሲደመር ስኩዌር ሩት 2፣ እና 3 ሲቀነስ ስኩዌር ሩት 2 ናቸው። ግራፉ አክሲሱን በደንብ ያቋርጣል፤ መቋረጫው ሙሉ ቁጥር ላይ አልዋለም እንጂ። «በሙሉ ቁጥር ፋክተር አይሆንም» እና «መፍትሔ የለውም» በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት ግራፉ በአንድ እይታ ያሳያችኋል።

ይህ የ«ር» ዘዴ ለትልልቅ ቁጥሮችም ይሠራል። ኤክስ² − 36ኤክስ + 323 ቢሰጣችሁ የ323ን አካፋዮች በመገመት ጊዜ አታጥፉ። የ36 ግማሽ 18። የ18 ካሬ 324። 324 − ር² = 323፤ ር = 1። ቁጥሮቹ 17 እና 19። ኔጌቲቭም ቢኖር ያው ነው። ኤክስ² − 6ኤክስ − 16 ላይ 9 − ር² = −16፤ ር² = 25፤ ር = 5። ከ3 በ5 ርቀት ያሉት 8 እና ኔጌቲቭ 2 ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ፖ ሼን ሎ ኳድራቲክን በዚህ መንገድ እናስተምር ብለው ጽፈው ነበር። ብዙ መምህራንም ተቀበሏቸው። እሳቸው ራሳቸው እንደገለጹት የዘዴው ክፍሎች ጥንታውያን ናቸው። ከዛሬ 3,700 ዓመት ገደማ በፊት የባቢሎን ጸሐፍት በሸክላ ጽላት ላይ የአንድን መሬት ርዝመትና ወርድ ድምር እና ስፋቱን ሰጥተው ሁለቱን አግኙ ይሉ ነበር። አሠራራቸው ድምሩን ግማሽ አድርግ፣ ካሬውን ውሰድ፣ ስፋቱን ቀንስ፣ ስኩዌር ሩቱን አግኝ ነበር። እናንተ አሁን የሠራችሁት ይህንኑ ነው።

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የሒሳብ ሊቁ አል ኸዋሪዝሚ አንድ ታዋቂ ጥያቄ ፈታ። ኤክስ² + 10ኤክስ = 39። እሱ እኛ የምንጽፋቸው ምልክቶች አልነበሩትም፤ በቃላትና በሥዕል ነው የሠራው። ጎኑ ኤክስ የሆነ ካሬ ሳሉ። 10ኤክሱን ለሁለት ከፍላችሁ ወርዳቸው 5 የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች በሁለት ጎኖቹ ላይ ለጥፉ። ጥጉ ላይ አንድ ክፍተት ይቀራል። የክፍተቱ ስፋት 5 በ5፣ ማለትም 25 ነው። እሱን ሙሉት። አሁን ጠቅላላው 39 ሲደመር 25፣ 64 ሆነ። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው። ከ8 ላይ 5 ሲቀነስ 3። መልሱ 3 ነው።

ይህ «ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር» እያላችሁ የምትፈሩት ነገር ነው። ካሬ መሙላት ማለት በእርግጥም ካሬ መሙላት ነው። ሥዕሉን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ከሳላችሁት «ግማሹን ወስደህ ካሬ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ ከየት እንደመጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። (ኤክስ + 5)² ከኤክስ² + 25 ጋር እኩል እንዳልሆነም ሥዕሉ ያሳያችኋል። ሁለቱ የተለጠፉት አራት ማዕዘኖች የት ይሄዳሉ?

አል ኸዋሪዝሚ 3ን ብቻ ነው የሰጠው። የካሬ ጎን ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልማ። አሁን ግን ዋይ = ኤክስ² + 10ኤክስ − 39 ብለን ግራፉን እንሳል። ፋክተሩ (ኤክስ − 3)(ኤክስ + 13) ነው። ግራፉ 3 ላይ ያቋርጣል፤ ኔጌቲቭ 13 ላይም ያቋርጣል። መሃላቸው ኔጌቲቭ 5 ነው። እዚያ ላይ ዋይ ኔጌቲቭ 64 ነው። 64ን አወቃችሁት? የትልቁ ካሬ ስፋት ነው። ስኩዌር ሩቱ 8፣ ከመሃሉ እስከ እያንዳንዱ ዜሮ ያለው ርቀት ነው። የኤክስ² ኮኤፊሸንት፣ ማለትም ከፊቱ ያለው ቁጥር፣ 1 እስከሆነ ድረስ የቨርቴክሱ ጥልቀት ሁልጊዜ የዚህ ርቀት ካሬ ነው። ቀደም ብለን ባየነው ኤክስ² − 6ኤክስ + 5 ላይ ፈትሹት። ከ3 እስከ 5 ያለው ርቀት 2፤ ጥልቀቱ 4።

አልጀብራን ከሥዕል ጋር በዚህ መልክ ለማያያዝ ብዙ መቶ ዓመታት ወስዷል። ፈረንሳዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ሬኔ ዴካርት የጂኦሜትሪ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1637 ነው። እሱም ቢሆን ኔጌቲቭ መልሶችን «ሐሰተኛ» ይላቸው ነበር። ተማሪ ኔጌቲቭ መልስ ሲያገኝ ቢደናገር አይገርምም። ግን የሰው ልጅ በዚያ ሁሉ ድካም ያገናኛቸውን ሁለት ነገሮች እኛ በሁለት ምዕራፍ ለያይተን ማስተማራችን ያሳዝነኛል።

የኤክስ² ኮኤፊሸንት 1 ካልሆነስ? ቶሎ ልለፈው። ፖዘቲቭ ከሆነ ግራፉ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ወደ ታች። ምልክቱን ትተን ቁጥሩ ሲያድግ ይጠባል፤ ሲያንስ ይሰፋል። ዜሮዎቹን የሚወስኑት ግን ቅንፎቹ ናቸው። ለምሳሌ 2ኤክስ² + 7ኤክስ + 3 ላይ 2 ሲባዛ በ3፣ 6 ነው፤ ተባዝተው 6፣ ተደምረው 7 የሚሆኑት 6 እና 1 ናቸው። 7ኤክሱን በእነሱ ትከፍሉታላችሁ፤ (2ኤክስ + 1)(ኤክስ + 3) ይወጣል። መልሶቹ ኔጌቲቭ ግማሽ እና ኔጌቲቭ 3።

ወደ ታች ለሚከፈተው አንድ ምሳሌ። ኳስ ቀጥ ብላ ወደ ላይ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ተመታች እንበል። አየሩን ችላ ብለን፣ የመሬት ስበቱን 10 ብለን ከወሰድን ከቲ ሴኮንድ በኋላ ከፍታዋ 20ቲ − 5ቲ² ነው። ፋክተር ስናደርገው 5ቲ(4 − ቲ) ይሆናል። ዜሮዎቹ 0 እና 4 ናቸው። 0 ላይ ተመታች፤ 4ኛው ሴኮንድ ላይ መሬት ነካች። መሃሉ 2 ነው፤ እዚያ ላይ ከፍታዋ 20 ሜትር ነው። ፊዚክስ ላይ በሦስት ፎርሙላ የምትሠሩት ጥያቄ ነበር። አንዳንድ ልጅ ደግሞ 20ቲ = 5ቲ² ላይ ሲደርስ ሁለቱንም በቲ ያካፍላል። ያኔ 0 የሚለው መልስ ይጠፋል። ኳሷ የተመታችበት ቅጽበት ጠፋ ማለት ነው። በተለዋዋጭ ከማካፈል ይልቅ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጥታችሁ ፋክተር አድርጉ።

ኳድራቲክ ላይ የገባችሁ ነገር ከፍ ወዳለው ዲግሪም ይከተላችኋል። (ኤክስ − 1)²(ኤክስ + 2) የሚለውን ውሰዱ። ሲዘረዘር ኤክስ³ − 3ኤክስ + 2 ነው። ኔጌቲቭ 2 ላይ ግራፉ ያቋርጣል። 1 ላይ ግን ነክቶ ይመለሳል። ለምን? (ኤክስ − 1)² ከ1 በፊትም ከ1 በኋላም ፖዘቲቭ ነው። ምልክት አይቀይርም፤ ስለዚህ ግራፉ ጎን አይቀይርም። (ኤክስ + 2) ግን ኔጌቲቭ 2 ላይ ምልክት ይቀይራል፤ ግራፉም አብሮ ይሻገራል። «የቅንፉ ፓወር ጥንድ ከሆነ ይነካል፣ ጎዶሎ ከሆነ ያቋርጣል» ብላችሁ የያዛችሁት ሕግ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ ሒሳብ ሲሠራ እናንተ ባታውቁትም መርዳት ትችላላችሁ። «መልሱ ስንት ነው?» ከማለት «እስቲ ሥዕሉን አሳየኝ፤ የት ነው የሚነካው?» በሉት። ሥዕሉን ስሎ ለሌላ ሰው ያስረዳ ልጅ አሠራሩን ብቻ ከገለበጠው በእጅጉ ይሻላል። ግራፍ ወረቀት ከሌለ ባለ ካሬ ደብተር በቂ ነው። የሙያ ጓደኞቼ፣ እኛ ደግሞ ፋክተር ያስተማርን ቀን ያንኑ ግራፍ ሰሌዳው ጥግ ላይ እንሳለው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ተማሪዎች፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይህችን ሠርታችሁ ኑ። ያው 12 ሜትር ሽቦ አላችሁ። ነገር ግን በአንድ በኩል ግድግዳ አለ፤ እዚያ ሽቦ አያስፈልግም። ከግድግዳው የሚወጡት ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው ኤክስ ሜትር ቢሆኑ የመደቡ ስፋት ኤክስ(12 − 2ኤክስ) ነው። ፋክተሩ ተሰጥቷችኋል። ዜሮዎቹን ፈልጉ፣ መሃላቸውን ውሰዱ፣ ትልቁን ስፋት አግኙ። ከዚያ ከ9 ጋር አወዳድሩትና ግድግዳው ስንት እጥፍ እንደጨመረላችሁ ንገሩኝ።